ምርመራው ሁሉ ደህና ነው፤ ታዲያ ለምን ያመኛል?

«ጤና ይስጥልኝ። 36 ዓመቴ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ከባድ ዕቃ ሳነሳ ወገቤ ቀጭ አለ። ሦስት ሳምንት ተኛሁ፤ በማስታገሻ ተሻለኝ ስል እንደገና ጀመረኝ፣ ከዚያ ወዲህ አልለቀቀኝም። ኤምአርአይ ተነሣሁ፤ "ዲስክሽ ትንሽ ደርቋል እንጂ ይህን ያህል የሚያሳምም ነገር የለም" አሉኝ። የደም ምርመራዬም ደህና ነው። አሁን ወገቤ ብቻ አይደለም፤ ዳሌዬ፣ ጀርባዬ፣ አንዳንዴ ቀበቶ ሲነካኝ እንኳ ያመኛል። ጉንፋን ሲይዘኝ፣ እንቅልፍ ሳጣ፣ ሰው ሲያናድደኝ ይብስብኛል። በቅርቡ ሐኪሙ የድብርት መድኃኒት አዘዙልኝ፤ ወረቀቱን ሳነበው አለቀስኩ፣ አልጀመርኩትም። ባለቤቴ ክፉ ሰው አይደለም፣ ግን "ምርመራው ደህና ከሆነ ምንሽን ነው የሚያምሽ?" ይለኛል። ጓደኛዬ ደግሞ ኢሚውኒቲሽ ስለወረደ ነው፣ የሚያጠናክር እንክብል ውሰጂ ትለኛለች። እውነት የመከላከያ አቅሜ ነው ወይስ ጭንቅላቴ? የሦስት ዓመት ሴት ልጄን ማንሳት እንኳ ፈርቻለሁ።»

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ይሄን ያዢልኝ፦ ሕመምሽ እውነት ነው። አልፈጠርሽውም፣ አላጋነንሽውም። መከላከያዬ ነው ወይስ ጭንቅላቴ ላልሽው መልሱ ሁለቱም ነው፣ ግን ጓደኛሽ በምታስበው መንገድም፣ ባለቤትሽ በሚጠረጥረው መንገድም አይደለም። የነርቭ ሥርዓትሽና የመከላከያ ሥርዓትሽ አንዱ ሌላውን እየቀሰቀሰ አልረጋ ብለዋል። ይሄ ደግሞ በተለመደው የደም ምርመራም በኤምአርአይም አይታይም። ወረቀቱ ላይ ሁሉ ነገር ደህና፣ ወገብሽ ላይ ግን እሳት የሆነው ለዚህ ነው።

ትንሽ ዘርዘር አድርጌ ልንገርሽ። ነገሩ ሲገባሽ ምን ማድረግ እንዳለብሽም አብሮ ይገባሻል፣ ፍርሃቱም ቀለል ይላል፤ ፍርሃት በዚህ ሕመም ውስጥ የራሱ ድርሻ አለውና። ዓመተ ምሕረት ስጠቅስ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ያኔ ወገብሽ ቀጭ ሲል የጡንቻ ወይም የጅማት ክሮች ተጎድተው ይሆናል። ሰውነት ሲጎዳ እዚያው አካባቢ የሚኖሩ የመከላከያ ሴሎች ወዲያው ይነሳሉ፣ ከደም ውስጥም ሌሎች ነጭ የደም ሴሎች ተጠርተው ይመጣሉ። ሥራቸው የተጎዳውን ማጽዳትና ጥገናውን ማስጀመር ነው። ለዚህም ብዙ ዓይነት ኬሚካል ያመነጫሉ፦ ፕሮስታግላንዲን፣ ብራዲካይኒን፣ ሳይቶካይን የሚባሉት መልእክተኞች፣ ነርቭ የሚያሳድግ ፕሮቲንም ጭምር። ሐኪሞች ኢንፍላሜሽን የሚሉት፣ እኛ «ተቆጣ» የምንለው ይሄንን ነው። አሁን ልብ በዪ፦ የሕመም ነርቮች ጫፍ ላይ ለእነዚህ ኬሚካሎች የተዘጋጁ መቀበያዎች አሉ። መከላከያው የሚያወራውን ነርቩ በቀጥታ ይሰማል ማለት ነው። ሲሰማ ደግሞ ንቃቱ ይጨምራል፤ በፊት ዝም ብሎ የሚያሳልፈውን ነገር አሁን «ያማል» ብሎ ወደ ላይ ይልከዋል።

በነዚህ ነርቮች ጫፍ ላይ ቲአርፒቪ1 የሚባል የሙቀት በር አለ። በደህናው ጊዜ የሚከፈተው ሙቀቱ 43 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ነው። አካባቢው ሲቆጣ ግን ከዚያ በጣም ባነሰ ሙቀት ይከፈታል። ፀሐይ ያቃጠለው ትከሻ ላይ ለብ ያለ ውሃ ሲያርፍ የሚለበልበው ለዚህ ነው። ውሃው ያው ለብ ያለ ውሃ ነው፣ የተቀየረው የነርቩ ልክ ነው። ይሄን በር ያገኙት ዴቪድ ጁሊየስ በ2021 ከአርደም ፓታፑቲያን ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል። የአንቺም ቀበቶ እንደዚያው ነው፤ ቀበቶው አልከበደም።

እስካሁን የነገርኩሽ መከላከያው ለነርቩ የሚያወራውን ነው። ነርቩም ሰምቶ ዝም አይልም፣ ይመልሳል።

ይሄን በራስሽ ክንድ ልታዪው ትችያለሽ። የብዕር ክዳን ያዢና በክንድሽ ውስጠኛው በኩል አንድ መስመር ጠበቅ አድርገሽ አስምሪ፣ ቆዳሽን ሳትቧጭሪ። ጥቂት ጠብቂ። መጀመሪያ መስመሩ ራሱ ይቀላል። ከዚያ ክዳኑ ጨርሶ ያልነካው፣ በመስመሩ ግራና ቀኝ ያለው ቆዳ ቀላ ብሎ ይሞቃል፤ ቆዳሽ ጠቆር ካለ ቅላቱ ላይታይሽ ይችላል፣ ሙቀቱን ግን በሌላኛው እጅሽ ጀርባ ዳሰስ ብታደርጊ ይሰማሻል። ቆየት ሲል መስመሩ በትንሹ ያብጣል። ሁሉም ሰው ላይ እኩል አይወጣም፣ በደንብ የሚወጣባቸው ሰዎች ግን ብዙ ናቸው። ይሄን በ1927 በዝርዝር የጻፉት ቶማስ ሉዊስ የተባሉ ብሪታንያዊ ሐኪም ናቸው፣ አንድ ነገርም አስተውለዋል፦ ወደዚያ ቆዳ የሚሄደው ነርቭ ከሞተ መስመሩ ይቀላል፣ ዙሪያው ግን አይቀላም። ዙሪያውን የሚያቀላው ነርቩ ነው ማለት ነው። የሕመም ነርቭ መልእክት ወደ አንጎል ብቻ አይልክም፤ በጫፉ በኩል ሰብስታንስ ፒ እና ሲጂአርፒ የተባሉ ኬሚካሎችን ወደ ሥጋው ይለቃል። እነሱ የደም ሥር ያሰፋሉ፣ የመከላከያ ሴሎችን ይቀሰቅሳሉ። እነዚያ ደግሞ መልሰው ነርቩን የሚያነቁ ኬሚካሎችን ያወጣሉ። ክቡ እዚህ ላይ ገጠመ። ከ2018 ጀምሮ ለማይግሬን የሚሰጡት አዳዲስ መርፌዎች የተሠሩት ይሄንኑ ሲጂአርፒ ለመያዝ ነው፤ ስለዚህ ወሬው የቤተ ሙከራ ብቻ አይደለም።

ብዙውን ጊዜ ጥገናው ሲያልቅ ይሄ ሁሉ በራሱ ይበርዳል። መቆጣት ጠላት አይደለም፣ የመዳን አንዱ ክፍል ነው። በ2022 የወጣ ጥናት አዲስ የወገብ ሕመም ይዟቸው የመጡ ሰዎችን ለሦስት ወር ሲከታተል፣ የተሻላቸው ሰዎች በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደማቸው ውስጥ የመከላከያ ሴሎቻቸው ሞቅ ያለ ሥራ ሲሠሩ የነበሩት ሆነው ተገኙ። ይሄን ያነሳሁት «ማስታገሻ ወስጄ ነው ያልዳንኩት» ብለሽ ራስሽን እንድትወቅሺ አይደለም፤ ጥናቱ ያንን አላረጋገጠም። መከላከያችን ሲነሳ ሁሌ ማፈን ወይም ሁሌ ማጠናከር የሚባለው ነገር ለምን እንደማይገባኝ እንዲገባሽ ነው።

በአንዳንድ ሰው ላይ ግን አይበርድም። ለምን አንዱ ይዞት ይቀራል፣ ሌላው ይድናል? ከወላጅ የሚወረስ ነገር፣ የጉዳቱ ዓይነት፣ እንቅልፍ፣ ጭንቀት፣ ያለፈ ሕመም፣ ሁሉም ድርሻ አላቸው። ሦስት ወር ሲያልፍ ሐኪሞች ሥር የሰደደ ሕመም ይሉታል። ያኔ ዋናው ጉዳይ ወገብ ላይ መሆኑ ቀርቶ ወደ ላይ፣ ወደ ኅብለ ሰረሰር ይወጣል።

የወገብ ነርቭ መልእክቱን ኅብለ ሰረሰር ውስጥ ለሚጠብቀው ሌላ ነርቭ ያቀብላል። በ1983 ክሊፎርድ ዉልፍ የተባሉ ተመራማሪ፣ ከታች የሚመጣው የሕመም መልእክት ሲበዛ ይሄ ተቀባዩ ነርቭ ራሱ እንደሚለወጥ አሳዩ። ከዚያ በኋላ ተራ ንክኪ ሲደርሰው ሕመም አድርጎ ያስተላልፋል፣ ከጎረቤት አካባቢ የመጣውንም ይጨምራል። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ፣ እንደዚያ ነው። ከወገብሽ ተነስቶ ዳሌና ጀርባሽ ድረስ የሄደውም ለዚህ ሊሆን ይችላል፤ ጉዳቱ ስለተስፋፋ ሳይሆን ንቃቱ ስለተስፋፋ።

እዚህም ቦታ መከላከያው አለ። አንጎልና ኅብለ ሰረሰር የራሳቸው የመከላከያ ሴል አላቸው፣ ማይክሮግሊያ ይባላል። ስሙን ያወጡለት ስፔናዊው ፒዮ ዴል ሪዮ ኦርቴጋ ናቸው፣ በ1919። ለብዙ ዘመን ቆሻሻ ከማንሳት ያለፈ ሥራ ያለው አይመስልም ነበር። በ2003 ጃፓን ውስጥ፣ በ2005 ደግሞ ካናዳ ውስጥ በአይጦች ላይ የተሠሩ ምርምሮች ሌላ ነገር አሳዩ። ነርቭ ሲጎዳ ኅብለ ሰረሰር ውስጥ ያሉት ማይክሮግሊያዎች ይነቃሉ፣ ቢዲኤንኤፍ የሚባል ፕሮቲን ይለቃሉ፣ እሱም የሕመምን መልእክት የሚያበርደውን ፍሬን ያላላዋል። ተራው ንክኪ ሳይበርድ ሽቅብ ያልፋል፣ አንጎልም «ሕመም» ብሎ ይተረጉመዋል።

አይጥ አይጥ ነው ትዪ ይሆናል፣ ልክ ነሽ። ግን በ2015 አሜሪካ ውስጥ ልክ እንደ አንቺ ሥር የሰደደ የወገብ ሕመም ያለባቸው ሰዎች አንጎላቸው በልዩ ፎቶ ሲታይ፣ ታላመስ በሚባለው የስሜት መተላለፊያ ላይ የእነዚህ ሴሎች መነቃቃት ምልክት ከጤነኞቹ ጎላ ብሎ ተገኝቷል። ይሄ ፎቶ ለምርምር ብቻ ነው የሚነሳው፣ ሐኪምሽ ሊያዙልሽ የሚችሉት ምርመራ አይደለም። ስለዚህ ባለቤትሽ «ጭንቅላትሽ ነው» ቢልሽ፣ አዎ፣ በከፊል ጭንቅላቴ ውስጥ ነው፣ እዚያ ያለውም ሥጋና ሴል ነው በዪው።

አንድ ነገር ደግሞ ሴት ስለሆንሽ ልጨምር፣ ብዙ ሰው አይናገረውምና። የሕመም ምርምር ለረጅም ዘመን በአብዛኛው በወንድ አይጦች ላይ ነበር የሚሠራው። በ2015 ሞንትሪያል የሚገኙ ተመራማሪዎች ሴቶቹንም ሲጨምሩ፣ በወንዶቹ ላይ ሕመሙን ያቆየው ማይክሮግሊያ ሲሆን በሴቶቹ ላይ ግን ቲ ሴል የሚባለው ሌላ የመከላከያ ሴል ሆኖ ተገኘ። ሥር የሰደደ ሕመም በሴቶች ላይ በብዛት እየታየ፣ ሳይንሱ ግን ወንድ አይጥ ላይ ቆይቷል፤ እኔ በበኩሌ ይሄ ያናድደኛል። ሴቶች «ምንም የለሽም» ተብለው ከተመለሱበት ምክንያት አንዱ ማንም በእነሱ በኩል አለማየቱ ነው።

አሁን ወደ ወረቀቶችሽ እንምጣ። ዲስክሽ «ትንሽ ደርቋል» የተባልሽው አያስደንግጥሽ። ምንም ሕመም የሌላቸውን ከ3,000 በላይ ሰዎች የአከርካሪ ፎቶ የሰበሰበ በ2015 የወጣ ግምገማ አለ። የዲስክ ማርጀት በ20 ዓመት ዕድሜ ካሉት 37 በመቶው ላይ፣ በ30 ዓመት ካሉት 52 በመቶው ላይ፣ በ80 ዓመት ካሉት ደግሞ 96 በመቶው ላይ ታይቷል፣ ያውም ምንም ሳያማቸው። በዕድሜሽ ይሄ እንደ ሽበት የሚታይ ነገር ነው። የደም ምርመራውም ቢሆን ሲአርፒ የሚባለው ጉበት የሚያመርተው ፕሮቲን ነው፣ በመላ ሰውነት ላይ ያለ መቆጣትን ነው የሚለካው። ኅብለ ሰረሰር ውስጥ፣ በነርቭ ሥር ዙሪያ በጥቂት ሴሎች መካከል የሚደረገው ወሬ እዚያ ድረስ አይሰማም።

ጉንፋን ሲይዘኝ፣ እንቅልፍ ሳጣ፣ ስናደድ ይብስብኛል ያልሽው ግን በጣም ደስ አሰኝቶኛል፣ በትክክል አስተውለሻልና። ጉንፋን ሲይዘን መከላከያችን የሚለቃቸው ሳይቶካይኖች በደምም፣ አንጎልን ከሆድ ዕቃ ጋር በሚያገናኘው በቬገስ ነርቭም በኩል አንጎልን ይነግሩታል። አንጎልም ተኚ፣ ሰው አታግኚ፣ አትንቀሳቀሺ ይላል፣ ለማመም የሚበቃውንም ልክ ዝቅ ስለሚያደርገው ትንሹም ነገር ያማል። ጤነኛው ሰው ገላው ይቆረጣጠማል፣ አስቀድሞ በነቃ ነርቭ ላይ ሲመጣ ደግሞ አስቢው። እንቅልፍም እንደዚያ ነው፤ ጤነኛ ሰዎች አንድ ሌሊት እንቅልፍ ተከልክለው በማግስቱ ሲፈተኑ በቀላሉ ያማቸዋል። ንዴትና ጭንቀት አድሬናሊንና ኮርቲሶል የሚባሉ ሆርሞኖችን ያስወጣሉ። ኮርቲሶል በአጭር ጊዜ መቆጣትን ያበርዳል፤ ጭንቀቱ ወራት ሲፈጅ ግን የመከላከያ ሴሎች ኮርቲሶልን መስማት ይቀንሳሉ፣ የሚያበርዳቸው ይጠፋል። ይሄ ሁሉ ደካማ ስለሆንሽ አይደለም፣ ሁለቱ ሥርዓቶች አንድ ቤት ስለሚኖሩ ነው።

ስለዚህ ለጓደኛሽ መልሱ፦ አይሆንም። ኢሚውኒቲሽ አልወረደም፤ ወርዶ ቢሆን ኖሮ ምልክቱ ተደጋጋሚና ከባድ ኢንፌክሽን እንጂ የወገብ ሕመም አይሆንም። የአንቺ መከላከያ ጉልበት አልጎደለውም፣ ያጣው ረፍት ነው። «መከላከያ የሚያጠናክር» ተብሎ የሚሸጥ እንክብል ይሄን አያረጋጋም፣ ምን እንዳለበት የማይታወቅ ከሆነ ደግሞ ጉበትና ኩላሊትሽን ሊጎዳ ይችላል። ሰሞኑን የቬገስ ነርቭን ያነቃሉ የተባሉ የጆሮና የአንገት መሣሪያዎችም እንዲሁ በየማስታወቂያው አሉ። ሐሳቡ መሠረት የሌለው አይደለም፣ ኬቨን ትሬሲ የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም ይሄ ነርቭ መቆጣትን እንደሚያበርድ ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ አሳይተዋል። ከዚያ ተነስቶ ግን ማስታወቂያ ላይ ያየሽው ነገር ወገብሽን ያድናል ማለት ሌላ ነው። ገንዘብሽን አታውጪ።

መድኃኒቱን ሳነበው አለቀስኩ ያልሽው ልቤን ነክቶታል። ሐኪምሽ «ሕመሟ ድብርት ነው» ብለው አይመስለኝም። አሚትሪፕቲሊን ወይም ዱሎክሴቲን የሚባሉት ከሆኑ፣ መጀመሪያ ለድብርት የተሠሩ ቢሆኑም ዛሬ ለሥር የሰደደ ሕመም በሰፊው ይታዘዛሉ። ከአንጎል ወደ ኅብለ ሰረሰር የሚወርድ የሕመም ማብረጃ መስመር አለ፣ ኖርአድሬናሊን በሚባል ኬሚካል ይሠራል፣ እነሱ ያንን መስመር ያግዛሉ። መጠኑም ይለያል፦ አሚትሪፕቲሊን ለሕመም ብዙውን ጊዜ በ10 ወይም 25 ሚሊግራም ነው የሚጀመረው፣ ለድብርት ግን 75 እና ከዚያ በላይ ይደርሳል። እንቅልፍም ያመጣል፣ ለአንቺ ይሄ ትርፍ ሊሆን ይችላል። አፍ ያደርቃል፣ ጠዋት ያደነዝዛል፣ ሆድ ሊያደርቅም ይችላል፤ ለሁሉም ሰው አይሠራም፣ ለሚሠራለትም ሳምንታት ይፈልጋል። የልብ ምት ችግር ካለብሽ፣ እርጉዝ ከሆንሽ ወይም ለመውለድ ካሰብሽ፣ ሌላ መድኃኒት ከወሰድሽ ከመጀመርሽ በፊት ንገሪያቸው። ከጀመርሽ በኋላም በራስሽ ድንገት አታቋርጪ። ደግሞም ሁለት ዓመት ሙሉ የታመመ ሰው ቢደበርስ? ድብርትም ካለ አብሮ ይታከማል፣ ነውር የለውም።

ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የሚባሉት ማስታገሻዎች በመጀመሪያው ወር ረድተውሽ አሁን የማይሰሙሽ ከሆነ አይግረምሽ። እነሱ የሚያግዱት ፕሮስታግላንዲንን ነው፤ አስፕሪን በዚሁ መንገድ እንደሚሠራ ጆን ቬን በ1971 ያሳዩት ነው። ዋናው ጉዳይ ወደ ኅብለ ሰረሰር ከወጣ ግን ወገብ ላይ ፕሮስታግላንዲን ማገድ ብዙ አያስገኝም። በየቀኑ ለወራት ሲወሰዱ ጨጓራ ያደማሉ፣ ኩላሊት ይጎዳሉ፣ የደም ግፊት ይጨምራሉ። ከልማድ የምትውጪው ካለ ሐኪምሽን አማክሪና ቀንሺው። ማይክሮግሊያውን ራሱ የሚያረጋጋ መድኃኒት አለ ወይ ካልሽ፣ ተሞክሯል። ፕሮፔንቶፊሊን የተባለው አይጥ ላይ ጥሩ ውጤት ሰጥቶ ሰው ላይ ሲፈተን ሳይሠራ ቀርቷል። ለዚህ ነው ይሄን ክብ ከብዙ ጎን ትንሽ ትንሽ እያረጋጉ መፍታት እስካሁን የተሻለው መንገድ የሆነው።

እኔ ብሆን ከእንቅልፍ እጀምራለሁ፣ ብዙ ሰው ግን መጨረሻ ላይ ነው የሚያስበው። የምትነሺበትን ሰዓት አንድ አድርጊው፣ ክፉ ሌሊት ባሳለፍሽ ጠዋትም ጭምር። ቀን ላይ ለረጅም ሰዓት አትተኚ። ሲያምሽ አልጋ ላይ እየተገላበጥሽ ሕመሙን ከምታዳምጪ ተነሽ፣ ሌላ ክፍል ተቀመጪ፣ እንቅልፍ ሲመጣ ተመለሺ።

ከዚያ እንቅስቃሴ። ጡንቻ ሲሠራ መቆጣትን የሚያበርዱ መልእክተኞችን ወደ ደም ይለቃል፣ ያ የማብረጃ መስመርም ይጠናከራል። ግን ሰው የሚሳሳተው አወሳሰዱ ላይ ነው። ደህና ቀን ሲመጣ የሳምንቱን ሥራ ሁሉ በአንድ ቀን ይጨርሳል፣ በማግስቱ ይወድቃል፣ ሦስት ቀን ይተኛል፣ ነርቩም «መንቀሳቀስ አደጋ ነው» የሚለውን ይማራል። አንቺ ተቃራኒውን አድርጊ። በክፉ ቀንሽ እንኳ የምትችዪውን መጠን ፈልጊ፣ 8 ደቂቃ መራመድ ከሆነ 8 ደቂቃ ይሁን። ደህና ቀን ላይም ያው 8 ደቂቃ ነው፣ እዚህ ላይ ነው ራስሽን መግታት ያለብሽ። በሳምንቱ አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ ጨምሪ። ከሄድሽ በኋላ ትንሽ ቢያምሽና እስከ ማግስቱ ቢበርድ አልተጎዳሽም፣ ቀጥዪ። ሁለት ሦስት ቀን ከቆየ ጨምረሽ የነበረውን ቀንሺ እንጂ ጨርሰሽ አታቁሚ። ፊዚዮቴራፒስት ማግኘት ከቻልሽ በጣም ጥሩ፣ ግን አስተኝቶ ማሸት ብቻ ሳይሆን አንቺን የሚያንቀሳቅስሽ ይሁን።

ልጅሽን አንሺያት። ወገብሽ አይሰበርም፣ ከሁለት ዓመት በፊት የተጎዳው ሥጋ እስካሁን ጠግጓል። ተቀምጠሽ ጭንሽ ላይ እየወጣች ጀምሩ፣ ከሳምንት በኋላ ከሶፋ ላይ አቅፈሻት ተነሺ፣ ከመሬት ማንሳቱ ሲለመድሽ ይደርሳል። ስታነሺያት እስትንፋስሽን አትያዢ፣ ሰውነትሽንም አታድርቂው፤ ፈርቶ መገተር ራሱ ጡንቻውን ያሳምማል።

ባለቤትሽን በተመለከተ፣ ክፉ ሰው አይደለም ብለሻል፣ አምንሻለሁ። ያየው ወረቀት ነው፣ ወረቀቱ ደህና ይላል። ይሄን ደብዳቤ አስነብቢው፣ ክንዱ ላይም መስመሩን አስምሪለት። ከዚያ አንድ ነገር ጠይቂው፦ በክፉ ቀን «ዛሬ እንዴት ነው ሕመሙ?» ከማለት ይልቅ «እስቲ ትንሽ ወጣ ብለን እንምጣ» ይበልሽ። በየሰዓቱ ስለ ሕመሙ መጠየቅ በፍቅርም ቢሆን ትኩረቱን እዚያው ላይ ያስቀምጠዋል።

ይሄ ሁሉ ግን ሌላ አደገኛ ነገር አለመኖሩ ተረጋግጦ ነው። ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ቢያቅትሽ ወይም ሽንት አልወጣ ቢልሽ፣ በጭኖችሽ መካከል ቢደነዝዝሽ፣ እግርሽ እየሰነፈ ቢመጣ ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ያኔውኑ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ። ትኩሳት፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ ሌሊት በላብ መጠመቅ ካለም ቶሎ ታዪ። አንድ በቀላሉ የሚታለፍ ነገርም አለ። ጠዋት ስትነሺ ከግማሽ ሰዓት በላይ ወገብሽ ደርቆ የሚቆይ ከሆነ፣ ስታርፊ ብሶ ስትንቀሳቀሺ የሚሻልሽ፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሕመሙ የሚቀሰቅስሽ ከሆነ፣ ወይም ዓይንሽ ቀልቶ ታሞ የሚያውቅ ከሆነ፣ መከላከያው ራሱ አከርካሪን የሚያጠቃበት ሌላ በሽታ ስላለ ለሐኪምሽ ንገሪ። የደም ምርመራ ደህና መሆኑ ያንን በሽታ ሙሉ በሙሉ አያስቀረውም፣ ሕክምናውም ከዚህ የተለየ ነው። የመገጣጠሚያ ሐኪም ጋር ላኩኝ ማለት መብትሽ ነው።

ወደ ቀጠሮሽ ስትሄጂ አንድ ወረቀት ያዢ። የሁለት ሳምንት እንቅልፍሽን፣ የተራመድሽውን ደቂቃ፣ የባሰብሽን ቀንና ከዚያ ቀን በፊት የነበረውን ነገር ጻፊበት። «መድኃኒቱን አልጀመርኩም፣ የድብርት መድኃኒት መሆኑን አይቼ ከፋኝ፣ ለምን እንዳዘዙልኝ ይንገሩኝ» በያቸው፣ ሳትፈሪ። እንዲህ ስትዪያቸው የሚቆጡ ከሆነ ሌላ ሐኪም ፈልጊ። ከጀመርሽው ደግሞ ስንት ሳምንት እንደሚሞከር፣ ካልሠራ ቀጥሎ ምን እንደሚደረግ እዚያው ጠይቂና ጻፊው። በአራት ወይም በስድስት ሳምንት ጻፊልኝ፤ የምጠይቅሽ ሕመሙ ከአስር ስንት እንደሆነ ሳይሆን ስንት ደቂቃ እንደተራመድሽና ሌሊቱን ስንት ሰዓት እንደተኛሽ ነው፣ ብዙ ጊዜ እነሱ ናቸው ቀድመው የሚለወጡት።